ለ7950ኤክስ እና ለ4090፦ ሁለት ፓምፕ ወይስ ሁለት ራዲያተር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ለአርክቴክቶች ሬንደር እሠራለሁ። ኮምፒውተሬ ራይዘን 9 7950ኤክስ ፕሮሰሰር እና አርቲኤክስ 4090 ካርድ አለው። ሌሊቱን ሬንደር ላይ ትቼው ስተኛ ፕሮሰሰሩ 95 ዲግሪ ላይ ይቆማል፤ የፋኖቹ ጩኸት ደግሞ እንቅልፍ ይነሳኛል። ሁለቱንም በውሃ ለማቀዝቀዝ ወስኛለሁ። ወንድሜ በሚቀጥለው ወር ከዱባይ ስለሚመጣ ዕቃውን ይዞልኝ ይመጣል። ያሰብኩት አንድ ባለ 360 ራዲያተር፣ ሦስት የ120 ሚሊሜትር ፋን በረድፍ የሚይዝ፣ ውፍረቱ 60 ሚሊሜትር የሆነ፣ ሁለት ዲ5 ፓምፕ፣ እና አሁን ፕሮሰሰሩ ላይ ካለው ዝግ የውሃ ማቀዝቀዣ ነቅዬ የምጨምረው ሁለተኛ ራዲያተር ነው። ኬዜ ከላይም ከጎንም ባለ 360 ይይዛል። «ሁለት ፓምፕ ካደረግሽ በእጥፍ ይቀዘቅዛል» ያሉኝ ሰዎች አሉ። ልክ ናቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ገንዘብ ሳይከፍል መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ከዝርዝርሽ ውስጥ አንዱ ዕቃ የቀረውን ሁሉ ሊያበላሽብሽ የሚችል ነውና ከእሱ ልጀምር።

ከዝጉ ማቀዝቀዣ የምትነቅይው ራዲያተር ይቅር። ፋብሪካው ገጥሞና ሞልቶ የሚሸጣቸው እነዚህ ማቀዝቀዣዎች ራዲያተራቸው በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ለብቻቸው የሚሸጡት ራዲያተሮችና ብሎኮች፣ ማለትም ፕሮሰሰሩና ካርዱ ላይ የሚገጠሙት፣ ውሃ በውስጣቸው የሚያልፍባቸው ብረቶች፣ ግን ባብዛኛው መዳብና ነሐስ፣ አንዳንዴም በኒኬል የተለበጠ መዳብ ናቸው። አሉሚኒየምና መዳብ አንድ ውሃ ሲያገናኛቸው በመካከላቸው ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ አሉሚኒየሙ እየተበላ ይሄዳል። የተበላው ዝቃጭ ተመልሶ የብሎኮቹን ጠባብ መተላለፊያ ይደፍናል፤ በመጨረሻም ራዲያተሩ ራሱ ይበሳና ውሃው ካርድሽ ላይ ይፈስሳል። ዝገት መከላከያ ያለው ፈሳሽ ብትጨምሪም ነገሩን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ያንን ማቀዝቀዣ እንዳለ ሳትፈቺው ሽጪው፤ ገንዘቡ ለሁለተኛ የመዳብ ራዲያተር ይሆንሻል።

ወደ ፓምፑ እንምጣ። ሰዎቹ የነገሩሽ ልክ አይደለም። ፓምፕ ሙቀቱን ከብሎኩ ተሸክሞ ራዲያተሩ ጋ ያደርሳል፤ ከማሽኑ የሚያስወጣው ግን በራዲያተሩ ፊኖች፣ ማለትም በስስ የብረት ቅጠሎቹ፣ መካከል የሚያልፈው አየር ነው። በቁጥር እንየው። አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 4200 ጁል ያስፈልጋል። ማሽንሽ 500 ዋት ሙቀት እያወጣ በደቂቃ 1 ሊትር ውሃ ቢዞር፣ ውሃው ሁለቱን ብሎኮች አልፎ ሲወጣ 7 ዲግሪ ያህል ሞቆ ነው። በደቂቃ 3 ሊትር ቢዞር የሚሞቀው 2.4 ዲግሪ ነው፤ 6 ሊትር ቢዞር 1.2። ከ1 ወደ 3 ስትወጪ ልዩነቱን ታይዋለሽ፤ ከ3 ወደ 6 ለመውጣት የምትከፍዪው ሁሉ ግን የሚገዛልሽ አንዲት ዲግሪ ነው። ያንንም ቢሆን ሁለት ፓምፕ አይሰጥሽም። መስመሩ ለውሃው የሚሰጠው ተቃውሞ ፍሰቱ ከሚጨምረው በላይ በፍጥነት ስለሚጨምር፣ ሁለት ፓምፕ ብታከታትዪ ግፊቱ በእጥፍ ቢያድግም ፍሰቱ የሚያድገው በ40 በመቶ ገደማ ነው። ዲ5 ደግሞ ሙሉ ፍጥነት ሲሰጠው እስከ 23 ዋት የሚወስድ ፓምፕ ነው፤ ከዚያ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ተመልሶ ውሃሽ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ አንድ ፓምፕ፣ ሁለት ራዲያተር። ይህን ያልኩት ግን ለምን ያህል ዋት እንደሆነ ሳታውቂ መግዛት የለብሽም።

7950ኤክስ በፋብሪካው ቅንብር እስከ 230 ዋት ይወስዳል። 4090 ደግሞ 450 ዋት ነው። በአንድ ላይ 680 ዋት፤ ይህ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ክፍልሽ ውስጥ ይቀራል። 95 ዲግሪው ራሱ አያስደንግጥሽ። ኤኤምዲ ይህን ፕሮሰሰር የሠራው ከባድ ሥራ ሲሰጠው 95 ዲግሪ እስኪነካ ድረስ ፍጥነት እየጨመረ እንዲሄድ አድርጎ ነው። ቺፖቹ ትናንሽ ናቸው፣ በላያቸው ያለው የብረት ክዳን ደግሞ ወፍራም ነው፤ ሙቀቱ የሚታነቀው እዚያ፣ ውሃው ጋ ሳይደርስ ነው። የቱንም ያህል ራዲያተር ብትደረድሪ ሙሉ ኃይል ስትለቂበት ከ90 በላይ ሲወጣ ልታዪው ትችያለሽ፤ ሥራው ተበላሸ ብለሽ ሁሉንም እንዳታፈርሺ ከአሁኑ እወቂው።

ለዚህ መድኃኒቱ ያለ ገንዘብ ይገኛል። ባዮስ በሚባለው የማዘርቦርዱ ቅንብር ገጽ ውስጥ ኢኮ ሞድ የሚለውን ክፈቺና 105 ዋት የሚለውን ምረጪ፤ ፕሮሰሰሩ ከ142 ዋት በላይ እንዳይወስድ ይገደባል። በሬንደር ላይ የምታጪው ፍጥነት ጥቂት በመቶ ነው፤ የሙቀቱ ልዩነት ግን በጣም ሰፊ ነው። ካርዱንም ከ450 ወደ 350 ዋት አውርጂው፤ እሱም ላይ የሚጠፋው ጊዜ ትንሽ ነው። አሁን 680 የነበረው ወደ 490 ወረደ። ይህን ዛሬውኑ፣ ዕቃ ሳትገዢ ሞክሪው። እንዲያውም ሬንደርሽ በካርዱ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ብዙም አይሠራምና ቁጥሩ ከዚህም ይወርዳል። ጩኸቱ በዚህ ብቻ ከተሻለሽ ውሃውን መተውም መብትሽ ነው፤ ሰው ሳያስፈልገው ይህን ወጪ ሲያወጣ ማየት አልወድም።

ከቀጠልሽ ግን አዲስ አበባ ላለ ሰው መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። በየቦታው የምታነቢያቸው መመሪያዎች የተጻፉት ባብዛኛው ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ ላላለ አገር ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየር እዚያ በ20 ዲግሪ 1.2 ኪሎ ይመዝናል። 2350 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ወደ 0.9 ኪሎ ይወርዳል። ፋኑ በደቂቃ ያንኑ ያህል ዙር ይዞራል፣ ያንኑ ያህል ስፋት ያለው አየር ያንቀሳቅሳል፤ አየሩ ግን ስስ ነው፣ የሚሸከመው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። የፋኑ የመግፋት አቅምም ከአየሩ ክብደት ጋር ይወርዳል፤ ጠባብ ፊኖች ለአየሩ የሚሰጡት ተቃውሞ ግን በዚያ መጠን አይወርድም። እኔ ለአዲስ አበባ ስሠራ ከራዲያተሩ አቅም አንድ አምስተኛውን ቀንሼ ነው የማስበው።

አንድ የ120 ፋን ቦታ፣ ፋኑ ድምፁ በማይረብሽ በደቂቃ ከ1000 እስከ 1200 ዙር ሲሽከረከር፣ ውሃው ከክፍሉ አየር በ10 ዲግሪ ሲሞቅ 75 ዋት ያህል ያስወጣል ብለሽ ያዢ። ባለ 360 ሦስት እንዲህ ያለ ቦታ ስላለው 225 ዋት፤ ለከፍታው ሲቀነስለት 180። እንግዲህ 500 ዋት በአንድ ራዲያተር ላይ ብትጭኚ ውሃው ከክፍሉ በ28 ዲግሪ ይሞቃል። ክፍልሽ 24 ዲግሪ ከሆነ ውሃሽ 52 ነው ማለት ነው። በሁለት ራዲያተር 38 ላይ ይቆማል፤ ይህ ጥሩ ቦታ ነው። ኃይሉን ሳትገድቢ 680 ዋት በአንዱ ላይ ብትለቂበት 62 ይደርሳል፤ ዲ5 የተሠራው እስከ 60 ዲግሪ ለሚሞቅ ውሃ ነው፤ ፔቲጂ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ቱቦም በዚያ ሙቀት መለስለስ ይጀምራል። ፋኖቹን በኃይል አስጩኸሽ ልታወርጂው ትችያለሽ፤ ግን የሸሸሽው ጩኸቱን አልነበረም?

የአዲስ አበባ መልካም ጎኗ ክፍሏ ቀዝቃዛ መሆኑ ነው። ከፍታው የወሰደውን ቅዝቃዜው ይመልሳል። ይኸው ማሽን ድሬዳዋ ቢሆን አየሩ ይወፍርለት ነበር፤ ነገር ግን ክፍሉ 32 ዲግሪ ሆኖ ስለሚነሳ ውሃውም ከዚያ ላይ ነው የሚጀምረው።

ውፍረቱን በተመለከተ፣ 60 ሚሊሜትር ይቅርና 30 ገደማ የሆኑ ሁለት ያምጣልሽ። ወፍራም ራዲያተር ጥቅሙ የሚወጣው ፋኑ በኃይል ሲገፋ ነው። በዝግታ በሚዞር ፋን ግን አየሩ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ይሞቅና ቀሪው ውፍረት ሥራ ይፈታል፤ በስስ አየር ደግሞ ይብስበታል። ከውፍረት ስፋት ይሻላል፤ በዚህ ሥራ ይህ ሕግ ሲሰበር አላየሁም። ሌላው መታየት ያለበት የፊኑ ብዛት ነው። ሻጮች በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ፊን እንዳለ ይጽፋሉ። 20ና ከዚያ በላይ የሚሉት ለሚጮህ ፋን ናቸው። አንቺ ከ10 እስከ 16 ባለው ውስጥ ቆይ። በአዲስ አበባ ለዚህ ሁለተኛ ምክንያት አለ፤ አቧራ። በየሰፈሩ ግንባታ ባለበት ከተማ፣ በተለይ በበጋ ወራት፣ የተጠጋጋ ፊን በአጭር ጊዜ ይደፈናል፤ የተራራቀውን ግን በብሎወር ከውስጥ ወደ ውጭ ነፍተሽ ታጸጂዋለሽ። ስትነፊ የፋኑን ክንፍ በጣትሽ ያዢው፤ ከመጠን በላይ ከፈጠነ ኩሽኔታው ይጎዳል።

ሻጩ ባለ 280 ቢያቀርብለት ወንድምሽ «ያንሳል» ብሎ አይለፈው፤ ሁለት የ140 ፋን ስለሚይዝ ስፋቱ ከባለ 360 የሚያንሰው በአሥር በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የአንቺ ኬዝ ግን ለ360 ስለተበጀ መጀመሪያ በልኩ ሂጂ። ፋኖቹ ለራዲያተር የሚሆኑ፣ ግፊት ያላቸው ይሁኑ። አርክቲክ ፒ12 አምስት አምስት ሆኖ በአንድ ካርቶን ስለሚሸጥ ስድስት ፋን ለሚገዛ ሰው በዋጋ ይቀላል፤ ኖክቱዋ ገንዘብ ከተረፈ ነው። የጎኑ ራዲያተር አየር ያስገባ፣ የላዩ ያውጣ።

ፓምፑ ዲ5 ይሁን ማለትሽን እደግፋለሁ። ዋናው ተፎካካሪው ዲዲሲ ነው፤ በመጠኑ ከዲ5 ያነሰ ነው፣ ግፊቱ ግን ይበልጣል። ጠባብ ኬዝ ውስጥ ብዙ ብሎክ ለሚደረድር ሰው ጥሩ ነው። ነገር ግን ድምፁ ቀጭንና የሚሰማ ነው፣ ከሥሩም ስለሚሞቅ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ለአንቺ ሁለት ብሎክና ሁለት ራዲያተር የዲ5 3.9 ሜትር ሄድ፣ ማለትም የመግፋት አቅሙ፣ ይበቃል። ሄድ የሚለውን ቁጥር ብዙ ሰው ጣሪያ ላይ ወዳለ ሮቶ ውሃ እንደሚገፋ ፓምፕ አድርጎ ያነበዋል። የአንቺ መስመር ዝግ ነው፤ የሚወርደው ውሃ የሚወጣውን ስለሚስበው የኬዙ ቁመት ፓምፑን አያደክመውም። የሚታገለው ከብሎኮቹ ጠባብ መተላለፊያና ከየኤልቦው ጋር ነው፤ ስለዚህ ኤልቦ አታብዢ።

ፍጥነቱ ከማዘርቦርድ የሚታዘዝ፣ ፒደብሊውኤም የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ ሪዘርቯሩ፣ ማለትም የውሃ ማጠራቀሚያው፣ እና ፓምፑ አንድ ላይ ተገጥመው የሚሸጡትን ብትገዢ የመፍሰሻ ቦታ ይቀንስልሻል። ኃይሉን ከፓወር ሰፕላይ በቀጥታ ይውሰድ እንጂ ከማዘርቦርዱ የፋን መሰኪያ ፈጽሞ አይውሰድ። ያ መሰኪያ ብዙውን ጊዜ የሚችለው 1 አምፔር፣ ማለትም 12 ዋት ነው፤ ፓምፑ ደግሞ የዚያን እጥፍ ሊጠይቅ ይችላል። የፍጥነት መልእክት የምታስተላልፈው ቀጭን ገመድ ግን ሲፒዩ ፋን የሚለው ላይ ትሰካ። ፓምፑ ሳይዞር ሲቀር ማዘርቦርዱ ማሽኑን ስትከፍቺ ይነግርሻል። ከ50 እስከ 60 በመቶ ፍጥነት ላይ አቁሚው፤ ድምፁ እዚያ ላይ ይጠፋል፣ ፍሰቱም ይበቃሻል።

በሻንጣ የሚመጣ ዕቃ ሲበላሽ እዚህ ወጥቶ መለወጥ ስለማይቻል መጠባበቂያ መፈለግሽ ይገባኛል። ሁለተኛ ፓምፕ የሚገዛበት ትክክለኛ ምክንያት ይህ ብቻ ነው። ገንዘብ ከተረፈ ሁለተኛው ዲ5 በካርቶኑ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ፤ መስመር ላይ አብሮ እያለቀ ከሚያረጅ ይሻላል። ከእሱ በፊት ግን የውሃ ሙቀት መለኪያ ይግዛልሽ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ማዘርቦርድሽ የሙቀት መለኪያ መሰኪያ ካለው እዚያ ይገባል፤ ባለ 10 ኪሎ ኦም የሚለውን ይምረጥ። ፋኖቹን በፕሮሰሰሩ ሙቀት ሳይሆን በውሃው ሙቀት እዘዢያቸው። የፕሮሰሰሩ በሰከንድ ውስጥ ስለሚዘልል ፋኖቹም አብረው ይዘላሉ፤ ውሃው ግን ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ሌሊቱን ሙሉ ድምፁ አይለዋወጥም። 45 ዲግሪ ሲያልፍ እንዲያስጠነቅቅሽ አድርጊ።

መብራት በሌሊት ቢጠፋ ፓምፑና ማሽኑ አብረው ስለሚቆሙ ውሃው ምንም አያደርግሽም። የሚጎዳው ተመልሶ ሲመጣ ከፍ ዝቅ የሚለው ቮልቴጅ ነውና ዩፒኤስ ከሌለሽ ከሁለተኛው ፓምፕ እሱ ይቅደም።

ፈሳሹ። ኮንሰንትሬት የሚባለውን፣ እዚህ በተጣራ ውሃ የሚበጠበጠውን ያምጣ፤ ሻንጣም አይከብድበትም። ቀለም የሌለውን ምረጪ፤ የሚያብረቀርቁትና ወተት የሚመስሉት እየቆዩ ይዘቅጡና ብሎክ ይዘጋሉ። የምትበጠብጪበት ዲስቲልድ ውሃ ይሁን። ሃይላንድ ውሃ ንጹሕ ቢመስልሽም ማዕድን አለው፤ ማዕድኑ ብሎክሽ ውስጥ ይጋገራል። ለባትሪ ከሚሸጡት ስትገዢ ደግሞ ውሃ መሆኑን ጽሑፉን አንብበሽ አረጋግጪ፤ ከጎኑ የሚደረደረው አሲድ ነው። አዲስ ራዲያተር ውስጡ የብየዳ ቅሪት ስለሚኖረው በሞቀ ዲስቲልድ ውሃ ሞልተሽ፣ አናውጠሽ፣ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድረስ እጠቢው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስለምትሠሪ ጠንካራ ቱቦ ላይ አትድከሚ። ኢፒዲኤም የሚባለው ጥቁር የጎማ ቱቦ፣ ውስጡ 10 ውጭው 16 ሚሊሜትር የሆነው፣ ውሃውን አያደፈርስም። ፊቲንጉ፣ ማለትም የቱቦው ማያያዣ፣ በሁለቱም ቁጥር ከቱቦው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ 10/13 ፊቲንግ ለ10/16 ቱቦ አይገባም። ሁለት ሦስት ትርፍ ፊቲንግና ኦሪንግ፣ እንዲሁም ከመስመሩ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የሚገባ የማፍሰሻ ቧንቧ ይጨምር። ያለ ማፍሰሻ የተሠራ መስመር ጥገና ሲመጣ ያስለቅሳል።

ስትሞዪ ፓምፑ ደረቁን እንዳይዞር ተጠንቀቂ፤ ኩሽኔታውን የሚያለሰልሰው ውሃው ራሱ ነው። ሪዘርቯሩን ሞልተሽ ለጥቂት ሰከንድ አዙሪው፣ አቁሚ፣ ደግመሽ ሙዪ። በዚህ ጊዜ ሁሉ ማዘርቦርዱና ካርዱ ኃይል አይግባባቸው፤ ባለ 24 ፒኑን ገመድ ከማዘርቦርዱ ንቀይና በማስነሻ መሰኪያ ፓወር ሰፕላዩን ለፓምፑ ብቻ አስነሺው። በየፊቲንጉ ሥር ሶፍት አንጥፈሽ አንድ ሙሉ ቀን ይዙር። ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ሌላውን ሰክተሽ ማሽኑን ታስነሺዋለሽ።

ወንድምሽ ከመክፈሉ በፊት ሁለት ነገር ላኪለት። አንደኛው የካርድሽ ሙሉ ስም ነው፤ የ4090 ካርዶች ቦርዳቸው እንደ አምራቹ ስለሚለያይ ብሎኩ ለዚያው ሞዴል የተሠራ መሆን አለበት፤ «4090» ብሎ የገዛው ሊገጥም ላይችል ይችላል። ሁለተኛው ልክ ነው። ከኬዙ ጣሪያ እስከ ማዘርቦርዱ ጫፍና እስከ ራሙ አናት ያለውን በማስመሪያ ለኪው። 30 ሚሊሜትር ራዲያተርና 25 ሚሊሜትር ፋን ተደምረው 55 ይሆናሉ፤ ለፊቲንጉ ደግሞ በራዲያተሩ አንድ ጫፍ በኩል ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ከላይ 55 ካልሞላልሽ ከ30 የቀጠነውን ራዲያተር ይፈልግ፤ እሱም ካልገባ የጎኑን 360 ይዘሽ ከላይ ባለ 240 አድርጊ፣ ካርዱንም ወደ 300 ዋት አውርጂው።